በፍልሰታ የተረጨ ወተት

አቶ ሀብተሥላሴ የሞቱት ፍልሰታ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የተገኙትም በጓሯቸው ከጡብ በተሠሩት ሦስት ደረጃዎች ግርጌ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ጭንቅላታቸው በመጨረሻው ጡብ ጠርዝ ላይ አርፏል። በቀኝ እጃቸው አጠገብ የተክል መርጫው ወድቋል፤ ነጭ ፈሳሽ በደረጃው ወርዶ ከደማቸው ጋር ተቀላቅሏል። በላያቸው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ስድስት የካናቢስ ተክሎች ቆመዋል። ነፋስ አልነበረም፤ አንድም ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ሰውዬው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፣ ሃያ ዓመት የሰበካ ጉባኤ አባል ሆነው አገልግለዋል። እንዲህ ያለ ሰው በጓሮው ዕፅ ምን ይሠራለታል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሐበሻው በሚኖርበት በፌርፋክስ ሰፈር ያልጠየቀም አልነበረም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ካንሰር ይዟቸው፣ ከኬሞው በኋላ እህል የሚባል አልወርድ ብሏቸው ነበር። ሐኪሙ ተክሉን መከረ። ከሱቅ የሚገዛው ሲያዞራቸው ጊዜ ሀብተሥላሴ እራሴ አበቅላለሁ አሉ። የካሊፎርኒያ ሕግ ለአንድ ቤት ስድስት ይፈቅዳል፤ ስድስት ተከሉ። ሰባተኛው ከወደቀ ዘር በራሱ ጊዜ ቢበቅል፣ ሕግ ነው ብለው ነቅለው ጣሉት። እውነት ሲናገሩ ለራሳቸውም የማይራሩ ሰው ነበሩ፤ ይህ ጠባያቸው ምን እንዳስከፈላቸው ኋላ ይታያል።

ሬሳውን ያገኘችው ናዝራዊት ናት። የሙሉነሽ የእህት ልጅ ስትሆን ከስድስት ዓመት በፊት በዲቪ መጥታ አብራቸው ትኖራለች። ግሌንዴል ውስጥ አንዲት አሮጊት እያስታመመች ታድራለች፤ ጠዋት ወደ ቤት ትመለሳለች። ፖሊስ መጀመሪያ «አዳልጧቸው ነው» አለ። አርብ ከሰዓት ግን የአስከሬን መርማሪው በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ሰንበር አገኘ። አንድ ሰው ጨብጦ ገፍትሯቸዋል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ናዝራዊት ላይ አረፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ናዝራዊት ዌስትቼስተር፣ ከኤርፖርቱ ጎን ካለ አንድ ሆቴል ሄደች። የሆቴሉ የጥበቃ ሱፐርቫይዘር ወይዘሮ ለተማርያም ናት። ለተማርያም አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን የምትመረምረው የጠፋ ሻንጣ ነው፤ ሰው ግን ዛሬም «ኢንስፔክተር» ይላታል። አጭር፣ ደንዳና፣ የያዘችውን ሁሉ የምታሸት ሴት ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ «አፍንጫሽ ከፋይልሽ ይበልጣል» ይላት ነበር።

«ቁጭ በይ፤ አታልቅሺ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።

«ረቡዕ ማታ ከጋሼ ሀብቴ ጋር ተጣላን። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የሚመጣው ረቡዕ የሲትዝንሺፕ ኢንተርቪው አለኝ። ካሊፎርኒያ ቢፈቅደውም ፌደራሉ አይፈቅደውም፣ እትዬ። ጠበቃዬ፣ ሎየሩ፣ ‹ያን ቅጠል በጣትሽ እንዳትነኪ፣ ከነካሽ ዜግነት አይደለም ግሪን ካርድሽም አደጋ ላይ ነው› አለኝ። ሶ፣ ‹ወይ ተክሉ ይነቀል፣ ወይ እኔ ከዚህ ቤት ልውጣ› ብዬ ጮኽኩ።»

«እሳቸውስ?»

«እሺ አሉ። ሎየሩ ጋ ራሳቸው ደወሉ። እኔ ነክቼ እንደማላውቅ በወረቀት ጽፈው፣ ሐሙስ ፊርማ የሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት ሊፈርሙልኝ ነበር። ያንኑ ማታ ጻፉት። ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱት አይቼ ነው ወደ ሥራ የሄድኩት።»

«ወረቀቱስ?»

«ኪሳቸው ውስጥ የለም። ዲቴክቲቩ ‹እንዲህ ያለ ወረቀት ስለመኖሩ ማን ያውቃል?› አለኝ። ቤት የደረስኩት ሲክስ ፊፍቲ ነው። ናይን ዋን ዋን የደወልኩት ሰቨን ኦ ቱ። ‹አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን ስትሠሪ ነበር?› ይለኛል። አክስቴ እንዳታያቸው በነጠላዬ ሸፈንኳቸው፤ ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀረሁ። ይኼን ማን ያምነኛል? ሰኞ እወስናለሁ ብሏል።»

ለተማርያም የልጅቱን እጅ ያዘች። «ገድለሽ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ነበረ ብለሽ ራስሽን ባላሳጣሽ፤ ይልቅ ራስሽ ጽፈሽ ታመጪ ነበር» አለችና የሥራ ጃኬቷን አውልቃ ከወንበሩ ላይ ሰቀለች።

*

ጓሮው ለዓይን ያምራል፣ ለልብ ግን ይከብዳል። ተክሎቹ ፀሐዩን ጋርደው ከሥራቸው ጨለማ ሠርተዋል፤ ሽታቸው ከሩቅ ይቀበላል። የፖሊሱ ቢጫ ሪባን አሁንም በደረጃው ላይ ተንጠልጥሏል። ለተማርያም ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ቅጠል በሁለት ጣቷ ያዘች። ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል።

«ይህ አመዳይ ነው» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። በምርኩዛቸው እስከ በሩ ድረስ መጥተዋል፤ ከዚያ አላለፉም። «በሽታ ነው። ሌሊት ጭጋግ ከባሕሩ ሲመጣ ይይዘዋል። ሀብቴ ከዚህ በሽታ ጋር ሲታገል ነው ክረምቱን ያሳለፈው፤ የኔን በሽታ ለማስታገስ የሱን ሲያክም።»

ለተማርያም ከአመዳዩ በላይ ሌላ ነገር አየች። እንደ እንባ የወረደ፣ የደረቀ የፈሳሽ ምልክት። ቅጠሉን ገለበጠችው፤ በጀርባውም አለ። ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ ወደ ሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው፤ ከላይ እስከ ታች፣ በፊትም በጀርባም፣ አንድም የተዘለለ ቅጠል የለም። አሸተተችው። ኮምጥጧል፤ የከረመ ወተት ነው።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ጋሼ ሀብቴ ወተት ነበር የሚረጩት?»

«በሐምሌ አዎ። እንዳሻው ነው ያስተማረው። ጎጃም የግብርና ባለሙያ ነበረ፤ አሁን የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። የሀብቴ ትከሻ አልነሣ ስላለ አፈሩንም እሱ ነበር የሚሸከምለት። ጥሩ ልጅ ነበር፤ በአፈሩ ተጣሉ እንጂ።»

«በአፈሩ?»

«ቅጠሉ ትንሽ ሲገረጣ እንዳሻው ‹አፈሩ ኮምጣጣ ነው› ብሎ ኖራ ጨመረበት። አገራችን እንደዚያ ነው፤ ገበሬው ሁሉ ኖራ ነው የሚጨምር። ከዚያ በኋላ ጭራሽ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆነ። ሀብቴ አፈሩን ሲያስመረምር ‹ይህ አፈር ሲፈጠር ጀምሮ ኖራ የጠገበ ነው፤ ተክሉ ብረት ማዕድን መሳብ አቅቶት ነው› አሉት። ለእንዳሻው ሲነግረው ተቆጣ። በሐምሌ መጨረሻ ጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሀብቴ መድኃኒቱን ገዝቶ በውሃ አጠጣው። ባለፈው እሁድ ነው አረንጓዴው መመለስ የጀመረው። እሁድ ጠዋት ‹ሙሉዬ፣ ዳነልሽ› እያለ ሊያሳየኝ ቅጠል በጥሶ አመጣልኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ለተማርያም ወደ ወጥ ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ሽሮ፣ ምስር፣ የተቀቀለ ጎመን፣ በመሃል ደግሞ ግማሹ የጎደለ ካርቶን። ይህን ካርቶን ጉዳዩን የያዘው ዲቴክቲቭ ኦርቴጋ ፎቶ አንሥቶታል፤ ከሆቴሉ ሥራ ስለሚተዋወቁ ባሳያት ሪፖርትም «ለመርጫው የዋለው ወተት ከቤቱ ማቀዝቀዣ የተወሰደ» ብሎ ጽፏል። ከቤት ከሆነ የረጨው የቤት ሰው ነው፤ የቤት ሰው ደግሞ ናዝራዊት ናት። ለተማርያም ካርቶኑን አሸተተችና ሳቅ አለች። የለውዝ ወተት ነው። አሜሪካኑ ሁሉንም ወተት ይለዋል፤ የፍልሰታ ጿሚ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

«የላም ወተት የለም?»

«በፍልሰታ?» አሉ ሙሉነሽ፣ እንደ መቆጣት ብለው። «እኔ ታማሚ ነኝ፤ ንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ ነበር፣ እንቢ አልኩ። ሀብቴማ ‹ለተክልም ቢሆን ከደጄ አይገባም› ብሎ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በቤኪንግ ሶዳ ነበር የሚረጨው።»

ለተማርያም ማቀዝቀዣውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

*

የጓሮው አጥር ከጌድዮን ሬስቶራንት ኋላ ፓርኪንግ ጋር ይገናኛል። ጌድዮን አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ከምግቡ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። ለተማርያም ገና በሩን ሳታልፍ መማል ጀመረ።

«እትዬ፣ ‹አቃጥለዋለሁ› ብያለሁ፤ አልክድም! ሽታው ከስተመር አባረረብኝ። ግን አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ዴሊቨሪ ስቀበል። ሥጋም ወተትም ገባልኝ።»

«ወተት አለህ ማለት ነው።»

«ማኪያቶ በምን ልሸጥ ታዲያ?» አለ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። «ቆይ፣ ለመርጫው ወተት ነው የሚሉኝ? ጋሼ ሀብቴ እኮ ወተት ትተዋል። የጾሙ ዕለት እዚህ መጥተው ቤኪንግ ሶዳ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ‹ለሀሺሽዎ ደግሞ ኬክ ሊጋግሩለት ነው?› ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ስንት ጊዜ ይንቀሉት ብዬ ነበር። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይላሉ፤ እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። ለሚስታቸው ነው።»

«ሐሙስ ያየኸው መኪና አለ?»

«ገና ጭጋግ ነበር። መብራት አይቻለሁ፣ በጋሼ ሀብቴ ቤት መንገድ ጥግ። ትልቅ ነገር ነው፤ ትራክ ይሁን ቫን አልለየሁትም።»

*

እንዳሻው የሚኖረው ቫን ናይስ ነው። ለተማርያም በእሁዱ ሙቀት ሀይዌዩን ጨርሳ ስትደርስ አፓርትመንቱ ሥር የሻትል ቫኑን ሲያጥብ አገኘችው። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር እጁን እንደ መምህር የሚያወዛውዝ ሰው ነው። የቫኑን ምንጣፍ አውጥቶ ከግድግዳው ጋር አስደግፎታል።

«ለቀብሩ እመጣለሁ፣ እትዬ። አንጀቴ ነው ያረረው።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው?»

«ጁላይ ሠላሳ አንድ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውንም አልሰማሁ። ሰውም ስለሳቸው አላነሣልኝ። ሥራ ነው፤ ኤርፖርት፣ ቤት፣ ኤርፖርት፣ ቤት።»

«እኔ ስለ ተክል አላውቅም፤ አንተ አስተምረኝ። አመዳይን በምን ታክመዋለህ?»

ፊቱ በራ። ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን ሙያውን ነው የነካችው። «በወተት! አንድ እጅ ወተት፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው የሚረጨው። ቁልፉ ምን መሰለዎት? ከቅጠሉ ጀርባ። ሰው ሁሉ ከላይ ብቻ ነው የሚረጨው፤ በሽታው ግን ከጀርባም ይደበቃል። ጋሼ ሀብቴ ትከሻቸው ስለማይነሣ ይኼን አይችሉም ነበር።»

«ኖራውስ? ተክሉን ያቃጠለው እሱ ነው ይሉሃል።»

የመርማሪዋ ድምፅ የፌዝ ያህል ነበር። እንዳሻው ጨርቁን ወረወረው።

«ይሉኛል! ጎጃም ሦስት ወረዳ ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ በኔ ኖራ ስንቱ ገበሬ ጤፍ አፍሷል! የኔ ኖራ ያቃጠለው ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ አሁን ተመልሶ እንዲያ አይለመልምም ነበር። አረንጓዴው እኮ ጥቁር እስኪመስል ነው!»

ለተማርያም አንገቷን ነቀነቀች። የሰማችው ሁሉ ተራ ነገር ይመስል፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው።

«ባሕር ዳር ናቸው፤ ሁለት። ከእናታቸው ጋር። ዜግነቴን እንዳገኘሁ ላመጣቸው ነው። ስድስት ዓመት ጠብቀውኛል፣ እትዬ። ትንሿ ድምፄን እንጂ መልኬን አታውቅም ማለት ይቻላል።»

ይህን ሲል እውነቱን ነበር፤ ስለዚህም ለተማርያም አዘነች። ልትሄድ ስትል ምንጣፉ አጠገብ አለፈች። ውሃና ሳሙና ይሸታል፤ ከሥሩ ግን የኮመጠጠ ነገር አለ። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሳትነሣ ለኦርቴጋ ደወለች፤ ሁለት ነገር እንዲያጣራላት ለመነችው።

*

ሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉም ከጓሮው ተሰበሰቡ። ጌድዮን ከሬስቶራንቱ ወንበር አምጥቷል። ወይዘሮ ሙሉነሽ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ናዝራዊት ከኋላቸው፣ ከተክሎቹ ርቃ ቆማለች፤ እንዳሻው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ኦርቴጋ በሩ ላይ ተደግፏል። «የጠየቅሽኝን አጣርቻለሁ፤ ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የምሰጥሽ» አላት። የተክሎቹ ጥላ በሁሉም ፊት ላይ ወድቋል።

ለተማርያም ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ጋሼ ሀብቴ እየረጩ ሳለ አዳልጧቸው ወደቁ፤ እንዲያ ነው እንድናይ የተፈለገው። እየረጨ የወደቀ ሰው ግን ሥራው ገና ነው፤ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ይቆማል። እዚህ ስድስቱም ተረጭተው አልቀዋል። ሥራ ካለቀ መርጫው ባዶ ነው። ታዲያ ደረጃው ላይ የፈሰሰው ከየት መጣ? ሰው ሆን ብሎ አፈሰሰው። ስለዚህ የረጨው ገዳዩ ነው፤ የረጨውም ከገደለ በኋላ ነው።»

«ልጅቷ ልትረጭ ትችላለች» አለ ኦርቴጋ።

«በአሥራ ሁለት ደቂቃ? ስድስት ዛፍ የሚያህል ተክል፣ ፊትና ጀርባ? ግማሽ ሰዓት አይበቃም። ደግሞ የእናንተን ፎቶ አይቻለሁ። ፖሊስ ሲደርስ ቅጠሉ ደርቋል። በዚያ ጭጋግ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ናዝራዊት ያን ጊዜ ግሌንዴል ነበረች፤ የፈረመችበት ሰዓት አለ።»

ናዝራዊት የአክስቷን ወንበር ጨበጠች።

«አሁን ወደ ወተቱ። ዲቴክቲቭ፣ አንተ ካርቶን አየህ፣ ወተት አልክ። የለውዝ ነው። ይህ የላም ወተት ነው፤ እስካሁን ይሸታል። በዚህ ቤት ፍልሰታ ከገባ የላም ወተት ገብቶ አያውቅም። ጋሼ ሀብቴ ለተክሉም ቢሆን በሶዳ ቀይረውታል። ይህን ማን ያውቃል? ሚስታቸው ያውቃሉ። ናዝራዊት ያው በቤቱ ናት። ጌድዮን ሶዳውን የሰጠው ራሱ ነው። የዕለት ሥራቸው ለማስመሰል የፈለገ ሰው፣ ሶዳውን የሚያውቅ ከሆነ ወተት አይረጭም። የረጨው ሰው ይህን ቤት የሚያውቀው በሐምሌ ነው፤ በነሐሴ አላየውም። ጾም መግባቱንም ረስቷል። ፍልሰታን የረሳ ሐበሻ አዲስ አይደለም፤ ሌሊትና ቀኑን ለሥራ የሰጠ ሰው ቀኑ ይጠፋበታል።»

ማንም ወደ እንዳሻው አልዞረም። ሁሉም ግን መዞር እየፈለጉ ነበር።

«የረጨው እጅ ደግሞ የባለሙያ ነው። ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ አንድ ቅጠል ጀርባውን ሳይረጭ አላለፈም። ጋሼ ሀብቴ በዚያ ትከሻቸው ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። አንተው ነህ የነገርከኝ፣ እንዳሻው።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ እንዳሻው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ወተት የሚረጭ ሰው እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለህም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ቅጠሉ ተመልሶ መለምለሙን፣ ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ መሆኑን ማን ነገረህ?»

እንዳሻው ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሣ።

«ስትሄድ ቢጫ ነበር። የለመለመው ባለፈው ሳምንት እሁድ ነው። እትዬ ሙሉነሽ፣ ነገሩት?»

«ከሐምሌ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ።»

«ናዝራዊት?»

«ኖ። ቁጥሩም የለኝም።»

«ጌድዮን?»

«እኔ አረንጓዴ ይሁን ቢጫ መች አየሁት፣ ሽታው ነው እንጂ የሚታየኝ!»

«በስልክ ነገሩኝ!» አለ እንዳሻው፣ ብድግ ብሎ። «ጋሼ ሀብቴ ናቸው የነገሩኝ!»

ለተማርያም ቀስ ብላ ተመለከተችው። «‹ድምፃቸውንም አልሰማሁ› ብለኸኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ግን ልክ ነህ፣ ደውለውልሃል። ዲቴክቲቭ?»

ኦርቴጋ ሁለት ወረቀት ይዞ ከተደገፈበት ተነሣ። «ረቡዕ ማታ፣ አራት ደቂቃ» አለ የስልክ ዝርዝሩን አይቶ። ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠ። «የሻትል ካምፓኒው ቫኖቹን በጂፒኤስ ይከታተላል። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ይህ ቫን ከዚህ ቤት ጥግ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ቆሟል።»

እንዳሻው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ።

«ምን ብለው እንደ ደወሉ እኔ ልንገርህ፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ» አለች ለተማርያም። «ሎየሩ ናዝራዊት አልነካችም ብሎ መጻፍ አይበቃም ብሏቸዋል። ከጓሮው የሠራውን ሁሉ በስም ይጻፉ አላቸው። ጋሼ ሀብቴ አይዋሹም። ስምህን ጻፉ። ከጻፉም በኋላ ከሰው እንዳትሰማው ብለው ራሳቸው ነገሩህ።»

«‹ይቅር በለኝ፣ ግን እውነት ነው› አሉኝ» አለ እንዳሻው። ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል። «ያ ወረቀት ኢሚግሬሽን ከገባ ልጆቼ አይመጡም። ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ልታረቃቸው። እንደ ድሮው አንድ ጋሎን ወተት ገዝቼ ለተክሉ ይዤላቸው ነበር፤ ወተቱን ሳያዩት ሞቱ፣ በሩ ላይ ነበር የተውኩት። ስሜን ያውጡልኝ አልኳቸው። ‹በጾም ልዋሽልህ?› አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ስሙኝ ለማለት ነው። አምልጠው ሊሄዱ ሲሉ ገፋኋቸው። ድምፁን ሰማሁት። ጡቡን…»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

«ከዚያ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጣህ።»

«ቀዳድጄ ኤርፖርት ጣልኩት። እሳቸውን ትቼ መሄድ አቃተኝ። እየሠሩ የወደቁ እንዲመስል ብዬ… እጄ በራሱ ነው የሠራው፤ ጾም ማለታቸው እንኳ ትዝ አላለኝም።»

ናዝራዊት ከአክስቷ ወንበር ኋላ ወጣች። «የኔን ዕድሜ ነው የቀደድከው፣ ታውቃለህ?» አለችው። አልጮኸችም፤ እሱ ግን እንደተጮኸበት ሰው ወደ ኋላ ሸሸ።

ለተማርያም በፊቱ ቁጢጥ አለች። «ወረቀቱ ምን ይላል? ቃል በቃል።»

እንዳሻው እጆቹን ከፊቱ አወረደ። «‹ናዝራዊት ከዚህ ተክል አንድ ቅጠል በእጇ ነክታ አታውቅም። የተከልኩት እኔ ነኝ። አፈሩን የተሸከመልኝና የረዳኝ እንዳሻው ነው።› ይኼው ነው። እውነት ነው። አልነካችም። ጻፉት፣ እኔ እፈርማለሁ። ከእንግዲህ የኔ ስም ምን ይጎዳኛል?»

ኦርቴጋ ካቴናውን ሲያስገባለት እንዳሻው እጁን ራሱ ዘረጋ። በደረጃው ሲያልፍ ከጡቡ ላይ ላለመርገጥ ሰፋ አድርጎ ተራመደ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ሙሉነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሦስት ወር ሙሉ ወደ ተክሎቹ ያልቀረቡት ሴትዮ ደረጃውን ወጡ። ናዝራዊት ልትደግፋቸው ስትሮጥ በምርኩዙ ከለከሏት።

«አንቺ አትጠጊ! እንዳትነኪ ተብለሻል!»

«አክስቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው? እኔ አልፌዋለሁ እኮ፣ ይፈርማል! ያንቺ መድኃኒት ነው!»

«ረቡዕ ‹በቤትሽ አለ ወይ?› ቢሉሽ ምን ልትይ ነው? ትዋሺያለሽ? ሀብቴ እንዳትዋሺ ብሎ ነው የሞተው።» የመጀመሪያውን ግንድ በሁለት እጃቸው ያዙ። አልተነቀለላቸውም። ለተማርያምና ጌድዮን ቀርበው ከጎንና ከጎን ያዙ፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ ወጣ። ስድስቱንም እንዲህ ነቀሉ። ናዝራዊት በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ አለቀሰች።

ረቡዕ ከሰዓት ናዝራዊት ከኢንተርቪው ተመለሰች። የውጤቱን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ አክስቴ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። ራስጌያቸው ላይ ከሰኞ ጀምሮ እንደሆነው ሁሉ ምሳቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል።